በአንዲት ቦርሳ ለሽምግልና ወደ ጉቴ

ዕቃ የሚያበዛ መንገደኛ አይገባኝም። ለሁለት ሌሊት ሄዶ ዓመት የሚያስከርም ሻንጣ የሚጎትት ሰው ሳይ ሳቄ ይመጣል። ኮተቤ ወዳለችው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቄ የሚመጡ ደንበኞች ይህን ስብከቴን በቃላቸው ያውቁታል፤ ባለቤቴ ዘነበች ደግሞ ገና አፌን ስከፍት ተነስታ ወደ ጓዳ ትገባለች። እንግዲህ እኔ ተሾመ ነቀምቴ ደርሼ ተመልሻለሁ፤ ይህን የምጽፈውም አገሩን ላላያችሁና ምናልባትም ለማታዩት ነው። ስለ ከተማው ውበት ግን ብዙ አትጠብቁ። የሄድኩት ለሽምግልና ነው፤ ሽማግሌ ደግሞ ከሰው በር ሌላ ብዙ ነገር አያይም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዮናስ የሚባል የእህቴ ልጅ አለኝ፤ ነቀምቴ መድኃኒት ቤት ይሠራል። እናቱ ስትሞት ገና ዳዴ የሚል ሕፃን ስለነበር ያሳደግነው እኔና ዘነበች ነን፤ አባቱንማ ጭራሽ አያውቀውም። እዚያው ሆኖ ሌንሴ የምትባል፣ ጉቴ የምታስተምር ልጅ ወደደ። እሷም ወደደችው። ጉቴ ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ በሚመጣው መንገድ ላይ ያለች ቅርብ ከተማ ናት፤ የሌንሴ ወላጆችም የሚኖሩት እዚያው ነው። "ጋሼ፣ ሽማግሌ መላክ አለብኝ። አንተ ካልመጣህልኝ ማን አለኝ?" አለኝ በስልክ። ሆዴ ባባ። ዘነበች ከጎኔ ሆና ሰምታ ኖሮ "ምን ትጠብቃለህ፣ ተነስና ሂድ እንጂ!" አለችኝ።

ችግሩ ወገቤ ነው። የነቀምቴን መንገድ ከዓመታት በፊት በአውቶቡስ ሄጄ፣ ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ እንደ ዱላ ቀጥ ብዬ ነው የተኛሁት። ያን ጊዜ ሁለተኛ በአውቶቡስ ነቀምቴ አልሄድም ብዬ ምያለሁ። አሁን ግን አውሮፕላን አለ። ዮናስ ስልኩ ላይ ሲነካካ በጣም ርካሽ የሆነ ትኬት አገኘልኝ፤ ሐሙስ ሄጄ እሁድ ጠዋት የምመለስበት። ርካሽነቱ ግን በነፃ አልነበረም፦ ከአንዲት ትንሽ ቦርሳ በላይ መያዝ የለም፣ እሷም ከሰባት ኪሎ መብለጥ የለባትም፤ ቀኑን መቀየር የለም፤ ከቀረህ ትኬቱ ተቃጠለ ማለት ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ያዝናል። እኔ ግን ደስ አለኝ። ዕድሜ ልኬን የሰበክሁትን ሃይማኖት በመጨረሻ አንድ አየር መንገድ ተቀበለልኝ አልኩ።

ሐሙስ

ዘነበች ጋቢዬን አጣጥፋ አልጋው ላይ አስቀመጠችው።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኳት።

"ጋቢህ ነዋ።"

"ይህን ከያዝኩማ ሌላ ነገር መያዝ አልችልም። አንሺው።"

"ያለ ጋቢ ሽምግልና የሚሄድ ሰው የት አይተህ ታውቃለህ? በጃኬት ሊጠይቅ! ነፍስ ይማር፣ እህትህ ብታይህ ምን ትላለች?"

አልሰማኋትም። ለሰው ቤት የሚወሰድ ስኳርና ብርቱካንም ገዝታ ነበር፤ እሱንም "እዚያው እገዛለሁ" ብዬ አስቀረሁት። በቦርሳዋ ውስጥ የገባው አንድ ሸሚዝ፣ የውስጥ ልብስ፣ የጥርስ ብሩሽና የወገብ ቅባቴ ብቻ ነበር። የቀረውን ለበስኩት። ሁለት ሱሪ በአንድ ላይ፣ ሁለት ሸሚዝ፣ በላዩ ሹራብ፣ ከዚያ ጃኬት። ጫማ አንድ ብቻ፣ ቀላሉን ነጩን ሸራ። ዘነበች በር ድረስ ሸኘችኝና ከእግር እስከ ራሴ አይታኝ ሳቋን ለቀቀችው።

"ሂድ እንግዲህ፣ የእኔ ሙሽራ። ስትራመድ እንኳ ጉልበትህ አይታጠፍም።"

እውነቷን ነበር። አውሮፕላኑ ውስጥ ሙቀቱ ሲነሳ ላቤ ከግንባሬ ላይ ይንቆረቆር ጀመር። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ደጋግማ ታየኛለች። በመጨረሻ አላስቻላትም፣ "አባባ፣ ያምዎታል እንዴ? ውኃ ልጥራልዎት?" አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። ጃኬቴን ባወልቅ ሹራብ፣ ሹራቤን ባወልቅ ሸሚዝ፣ እሱን ባወልቅ ደግሞ ሌላ ሸሚዝ ልታይብኝ ነው፤ ምን ብዬ ልግለጥላት? እንደ ቀይ ሽንኩርት ተጠቅልዬ ደረስኩ።

ወለጋ ከላይ ሲታይ የሚያስገርም አረንጓዴ ነው። ጥቅምት ነበር፤ እኛ ዘንድ ሣሩ ወደ ቢጫነት ሲሄድ እዚህ ገና ዝናቡ አልጠገበም። በሩ ተከፍቶ ቀዝቃዛው አየር ፊቴን ሲመታኝ ነፍሴ መለስ አለች።

ዮናስ ከአከራዩ ከኦቦ ገመቹ ጋር ቆሞ ይጠብቀኛል። ኦቦ ገመቹ ረጅም፣ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፤ ሽምግልናውን የሚመሩትም እሳቸው ናቸው። አገሩን፣ ሰዉንና ቋንቋውን እሳቸው ያውቁታል፤ እኔ ደግሞ የልጁ ወገን ነኝ። "አካም ጅርቱ፣ አካም ጅርቱ" እያሉ እጄን ይዘው ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጤናው ጠይቀው እስኪጨርሱ፣ የአዲስ አበባ ሰው ሦስት ጊዜ ተገናኝቶ ሦስት ጊዜ ይለያያል። ከዚያ ወደ ኋላዬ ማየት ጀመሩ።

"ሻንጣው የታለ?"

"ይኸው" አልኩ፣ ቦርሳዬን ከፍ አድርጌ በኩራት።

"ይሄ? ይሄማ የምሳ ዕቃ ነው።" ዮናስ አንገቱን ደፍቶ ሳቀ።

በባጃጅ ወደ ቤት ሄድን። ነቀምቴ ዳገትና ቁልቁለት ናት፤ ባጃጁ ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ እኔም አብሬው አቃሰትሁ። መንገድ ላይ ብርቱካን ልግዛ ብዬ አስቁም ስል ኦቦ ገመቹ "ለማን?" አሉ። "ለቤት ነዋ።" "እኛ ቤት እንግዳ ሆነህ ልትገባ ነው እንጂ በሽተኛ ልትጠይቅ ነው እንዴ?" ብለው ሹፌሩን በኦሮምኛ ንዳ አሉት። እንዲህ ሆኖ ባዶ እጄን ገባሁ፤ ኀፍረቱ እስካሁን አለቀቀኝም።

ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ በር ላይ ተቀበሉኝ። ሆቴል ልያዝ የሚለውን ሐሳቤን ሳልጨርሰው ነው የተቆጡኝ። "የዮናስ ኤሱማ ሆቴል አድሮ እኛ ምን ልንባል ነው?" ኤሱማ ማለት የእናት ወንድም ነው። አዲስ አበባ አጎት አጎት ነው፣ የአባትም ይሁን የእናት ማንም አይለይም። እዚህ ግን የእናት ወንድም ወንበሩ ሌላ ነው፤ ያን ቃል በሰሙ ቁጥር ሰዎች ትንሽ ቀና ብለው ያዩኛል። ማታ ጩምቦ ቀረበ። በቅቤና በእርጎ የራሰ ወፍራም የጤፍ ቂጣ ነው፤ አንዴ ከጀመሩት ማቆም የለም። አዴ ጫልቱ "አልበላህም፣ አልበላህም" እያሉ ሲጨምሩልኝ፣ ሁለቱን ሱሪ መልበሴ ትልቅ ጥፋት መሆኑን ሆዴ ነገረኝ። ተነስቼ አንዱን አውልቄ መጣሁ።

ኦቦ ገመቹ ከእራት በኋላ ያልፈለግሁትን ጥያቄ አመጡ። "ጋቢውን ነገ ትለብሰዋለህ እንጂ?"

"ጋቢ… አልያዝኩም።"

 እሳቸው ተነስተው ከቁም ሣጥን የራሳቸውን አውጥተው ጉልበቴ ላይ አስቀመጡልኝ። ዘነበችን ሳልወድ በልቤ ይቅርታ ጠየቅኋት።

ዓርብ

ጠዋት ወደ ጉቴ ወረድን፤ እኔ፣ ኦቦ ገመቹና አንድ ዝምተኛ ጎረቤታቸው። ዮናስ አልመጣም፤ ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። ሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ ጋቢዬን ሲያይ "ሽማግሌዎች፣ ከፊት ግቡ" ብሎ የፊቱን ወንበር ሰጠን። ግን የኦቦ ገመቹ ጋቢ ለኦቦ ገመቹ ቁመት የተሠራ ነው፤ እኔ ላይ መሬት ይጠርጋል። ከአስፋልቱ ወርደን ወደ ሌንሴ አባት ቤት ስንሄድ መንገዱ ጭቃ ነበር። ነጩ ሸራ ጫማዬ ቀይ ሆነ፤ የጋቢው ጫፍም ቀይ ሆነ። ጫማው ላዩ ቀላል እንጂ ጭቃ ሲይዝ ከብረት ይከብዳል። አንድ ቦታ ላይ እግሬ ወጥቶ ጫማው ቀረ። ዝምተኛው ጎረቤት ጎንበስ ብሎ ከጭቃው ነቅሎ ሰጠኝ፤ በዚያ ቀን ከእሱ የሰማሁት ድምፅ የሳቁ ብቻ ነበር።

የሌንሴ አባት ኦቦ ዲንሳ ይባላሉ። ቡና የሚያለሙ፣ በጸሎት ቤታቸውም የሚከበሩ ሰው ናቸው። በረንዳቸው ፊት ካለው ግቢ ስንደርስ ኦቦ ገመቹ በጆሮዬ "እንዳትቀመጥ" አሉኝ። እዚህ ቤት ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚናገረው። ባለቤቱ "ታኣ" ካሉ፣ ተቀመጡ ማለት ነው፣ ነገሩ አለቀ፤ ልጅቷ ተሰጠች። "ታኣ" እስኪባል ድረስ ወንበር ቢቀርብም አይነካም። ኮተቤ ብትሆን እኮ ሽማግሌውን ሶፋ ላይ አስቀምጠው ለስላሳ ከጋበዙ በኋላ ነው እምቢ የሚሉህ! ይሄኛው ሥርዓት ግልጽ ስለሆነ ወደድኩት፤ ቢያንስ ሰውዬው ምን እንዳሰቡ ከወገብህ ታውቀዋለህ።

ኦቦ ገመቹ በኦሮምኛ አሳምረው ተናገሩ። እኔም ተራዬ ሲደርስ በአማርኛ ስለ ዮናስ አወራሁ፤ እንዴት እንዳደገ፣ ምን ዓይነት ልጅ እንደሆነ። ኦቦ ዲንሳ አንዳች ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ፊታቸውም ለስለስ ያለ መሰለኝ። ከዚያ በጥሩ አማርኛ "ሰምተናል። ከዘመድ ጋር እንመካከራለን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ ኑ" አሉ።

ይህ ደንቡ ነው። በመጀመሪያው ቀን ልጁን የሚሰጥ አባት የለም። ኦቦ ገመቹም ራሳቸውን ነቅንቀው ተቀበሉ። ዝም ብል ሁሉ ነገር በሰላም ያልፍ ነበር። ግን እኔ፣ አፌን በቆረጠው፣ ምን ብዬ ተናገርኩ መሰላችሁ?

"ሁለት ሳምንት እንኳ አይመቸኝም፤ እሁድ ጠዋት በሦስት ሰዓት አውሮፕላን አለኝ። ቢቻል እስከ ቅዳሜ ድረስ ቢያልቅልን…"

ኦቦ ገመቹ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የኦቦ ዲንሳ ፊት እንደ በር ሲዘጋ ታየኝ። ቀስ ብለው ከጋቢው ጫፍ ጀምረው እስከ ጫማዬ፣ ከጫማዬ ደግሞ ትከሻዬ ላይ እስካለችው ቦርሳ አዩኝ። ቦርሳዋን ለምን ይዤያት እንደሄድኩ እኔም አላውቅም፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

"ልጄን የጠየቁኝ ለአውሮፕላን ሰዓት እንዲደርስልዎት ነው?" አሉኝ።

ቦርሳዋን ወደ ኋላዬ ገፋሁ።  እሳቸው ትንሽ አሰቡና "ጥሩ። እሁድ ጠዋት በሦስት ሰዓት ኑ" ብለው ወደ ቤት ገቡ።

ስንመለስ ኦቦ ገመቹ ከፊት ከፊት ሄዱ። በመጨረሻ "ዲንሳ እሁድ ጠዋት ከጸሎት ቤት ቀርቶ አያውቅም" አሉኝ። "አንተን ሊፈትን ነው የሚቀረው።" ወሽመጤ ተቆረጠ። ቤት ስንደርስ ዮናስ ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ነበር። ፊቴን አይቶ ገባው። የሕፃንነት ፊቱን አየሁበት፤ ትምህርት ቤት በር ላይ ዘግይቼ ስደርስ እንዲህ ነበር የሚያየኝ። እንዲህ ያለ ነገር አፌ ስላመጣ ራሴን መምታት አማረኝ።

ቅዳሜ

ኦቦ ገመቹ ማለዳ ቀስቅሰውኝ "ተነስ፣ ኡኬ እንሄዳለን" አሉኝ። ኡኬ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የሌንሴ እናት ወንድም፣ ኦቦ ሂርጳ፣ እዚያ ይኖራሉ፤ ኦቦ ገመቹ በሹፌርነት ዘመናቸው ከእሳቸው ቤት ሳይበሉ አያልፉም ነበር። "አንተ የዮናስ ኤሱማ፣ እሱ የሌንሴ ኤሱማ። ከእሱ ጋር ብትነጋገሩ ይሻላል" አሉ።

መንገዱ ቁልቁል ነው። ከነቀምቴ ብርድ ወጥተን ስንወርድ ሙቀቱ እየጨመረ ሄደ፤ ሹራቤን አወለቅሁ፣ ጃኬቱንም። ቦርሳዬ ግን ቤት ስለቀረች የማስቀምጥበት ጠፋኝ፤ ክንዴ ላይ ተሸክሜ ኡኬ ስደርስ ልብስ ሻጭ መስዬ ነበር። እውነትም አንዲት ሴት መንገድ ላይ አስቁማኝ ሹራቡን ዳሰሰች፤ "ስንት ነው?" አለችኝ። ኦቦ ገመቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያ ሳቃቸው ስለነበር ደስ አለኝ፤ ሹራቡንም ቢወስዱብኝ አይቆጨኝም ነበር።

ኦቦ ሂርጳ ሸንኮራ አገዳ ሲቆርጡ አገኘናቸው። በሬ የሚያክል ሰው ናቸው፤ ሲያቅፉኝ ወገቤ ቀጥ አለልኝ። አንጮቴ ቀረበ፣ ተቀቅሎ ከቅቤና ከሚጥሚጣ ጋር። ሥር ነው፤ መልኩ ድንች ይመስላል እንጂ ድንች አይደለም። "አጥንት የተሰበረ ሰው የሚጠግነው ይሄ ነው፤ ለወገብህም ይሆናል" እያሉ አጎረሱኝ። ያን ዕለት ጠዋት የበላሁት ለወገብ ጠቅሞ እንደሆነ አላውቅም፣ ለልብ ግን ጠቅሟል።

ከበላን በኋላ ነገሩን ነገርናቸው። የአውሮፕላኑን ወሬ ሲሰሙ ፈገግ አሉ፤ ግን ፈገግታው ቶሎ ጠፋ።

"ዲንሳ ክፉ ሰው አይደለም" አሉ። "የሌንሴ ታላቅ እህት አለች፣ ታውቃለህ? ለሷም ሽማግሌ መጥቶ ነበር፤ ከሩቅ፣ በጥሩ መኪና። ሞተሩ ሳይጠፋ ነው ጨርሰው የሄዱት። ዲንሳ እነሱን ደስ ይበላቸው ብሎ በአንድ ቀን ሰጠ። በኋላ ልጆቹ ተጣሉ። ዲንሳ ሽማግሌዎቹን ጠራ፤ 'እናንተ ናችሁ የወሰዳችኋት፣ ኑና አስታርቁ' አለ። ዛሬ ነገ ሲሉ ቆዩ፤ ከዚያ ስልክ ማንሳት ተዉ። ልጅቷ ከነልጇ ተመልሳ አባቷ ቤት ናት። እና ሽማግሌ ማለት እኮ ለመጠየቅ ብቻ አይደለም። የተጣሉ ለት የሚጠራ ሰው ነው።"

 ትናንት ግቢው ውስጥ ልብስ የምታሰጣ ወጣት ሴት አይቻለሁ፤ እኛን ስታይ ፊቷን ያዞረችው። እኔ ደግሞ ቦርሳዬን አንግቤ፣ የአውሮፕላን ሰዓት እየቆጠርኩ፣ ያን ሞተር እንደገና አስነሳሁባቸው። አፈርኩ።

ስንመለስ ኦቦ ሂርጳ በግራ ቀኝ እጄ የሸንኮራ አገዳ አስያዙኝ። "ለዮናስ ነው፤ አልፈልግም ማለት የለም።" ከቁመቴ የሚበልጥ አገዳ ይዤ ሚኒባስ ስገባ ረዳቱ "አባባ፣ ይሄኛው የሁለት ወንበር ይከፍላል" አለኝ፤ ሁሉም ሳቀ።

አመሻሽ ላይ ለዘነበች ደወልኩላት። ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩላት፤ ጋቢውን፣ አፌን፣ የኦቦ ዲንሳን ልጅ። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝና "እና ምን ልታደርግ ነው?" አለች።

"ትኬቱ እኮ ይቃጠላል፣ ዘነቡ። ኦቦ ገመቹ ብቻቸውን ቢሄዱስ ብዬ…"

"ይቃጠላ!" ብላ ጮኸችብኝ። "አመድ ይሁን! ልጄን ሜዳ ላይ ጥለህ ከመጣህ በሬን አልከፍትልህም፤ እወቀው! ለጠብ ቢጠሩህ ሂድ፣ ለእርቅ ቢጠሩህ ሂድ፣ ለቅሶም ቢሆን ሂድ። ወገብህን ደግሞ እኔ አሽልሃለሁ።"

ልጄ ነው ያለችው። እኔም እንደዚያ ማለት ነበረብኝ።

እሁድ

ማለዳ ዮናስ ባጃጅ ይዞ በር ላይ ቆመ። አየር ማረፊያ ሊያደርሰኝ ነው የመጣው። ዓይኑ ቀልቷል፤ እንቅልፍ እንዳልወሰደው ያስታውቃል። "ጋሼ፣ ሂድ ግድ የለም" አለኝ። "ሌላ ጊዜ እንሞክራለን። አንተ ይህን ያህል ስለለፋህልኝ…"

"ባጃጁን መልሰው" አልኩት።

አልገባውም። እንደገና ነገርኩት። ከዚያ እንደ ሕፃን አንገቴ ላይ ተጠመጠመ፤ ኦቦ ገመቹ ጋቢውን ልትጨማድደው ነው ብለው እስኪቆጡት ድረስ አልለቀቀኝም። ጋቢው የሳቸው ነዋ! አዴ ጫልቱ ማታ የጋቢውን ጭቃ አጥበው፣ ጫፉን አጥፈው በመርፌ ሰፍተውልኝ ኖሯል፤ አሁን ልክ ሆኖልኛል። ጫማዬንም አነሱብኝ፤ የኦቦ ገመቹን ቦት ጫማ ሰጡኝ፤ ሁለት ካልሲ ጨምሬበት ሞላ። ቦርሳዋን አልያዝኩም።

ዮናስ እስከ ጉቴ አብሮን መጣ፤ ከዚያ አስፋልቱ ዳር ካለ ሻይ ቤት ተቀምጦ ሊጠብቀን ቀረ። እኔ፣ ኦቦ ገመቹና ዝምተኛው ጎረቤት ወደ ኦቦ ዲንሳ ግቢ ገባን፤ ቆምን።

ማንም አልወጣም። ቆምን። ውስጥ ድምፅ ይሰማል፤ የሰው እንቅስቃሴ አለ፤ በሩ ግን አልተከፈተም። አዲስ አበባ ብሆን አንኳኩቼ "ምነው፣ ሰው የለም?" እል ነበር። ኦቦ ገመቹ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ወገቤ ሕመሙን መንገር ጀመረ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ እየጮኸ። እግሬን ለወጥኩ። እንደገና ለወጥኩ። ልብስ ስታሰጣ ያየኋት ወጣት በመስኮት አየችኝና ተሰወረች።

በመጨረሻ በሩ ተከፈተ። ኦቦ ዲንሳ ወጡ፤ ከኋላቸው ኦቦ ሂርጳ ብቅ አሉ። ከኡኬ በሌሊት ተነስተው ነው የደረሱት፤ አላወቅንም ነበር። ሰላምታ ተሰጣጣን፤ አጭር ሰላምታ። 

ያኔ ነው ድምፁ የተሰማው። ከነቀምቴ በኩል፣ መጀመሪያ እንደ ንብ፣ ከዚያ እየቀረበ። ሁላችንም ቀና አልን። ትንሽ ነጭ አውሮፕላን ከዛፎቹ በላይ ወጥታ በላያችን ወደ ምሥራቅ አለፈች።

ኦቦ ዲንሳ በዓይናቸው እስክትጠፋ ሸኟት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"የእርስዎ አይደለችም?"

"ናት" አልኩ።

"ትኬቱን ይመልሱልዎታል?"

"አይመልሱም።"

"እንግዲያ በምን ሊሄዱ ነው?"

"በአውቶቡስ። ወገቤ ከፈቀደ።"

 ከዚያ በልባቸው የያዙትን ጥያቄ ጠየቁኝ። "ልጆቹ የተጣሉ ለትስ? አንድ ቀን መጣላታቸው አይቀርም። ያኔስ?"

"ይደውሉልኛል" አልኩ። "እመጣለሁ። ትናንት ማታ ባለቤቴም እንዲሁ ብላ አስጠንቅቃኛለች። ባልመጣ ከሁለት በር ነው የምባረረው፣ ከእርስዎም ከእሷም።"

ኦቦ ሂርጳ ከኋላ ሳቃቸውን ለቀቁት። ኦቦ ዲንሳ ግን አልሳቁም። ዓይናቸው ውኃ ሞላ። ወደ በረንዳው ዞር ብለው ወንበር ሳቡ፤ አቧራውን በእጃቸው ጠረጉ፤ ፊቴ ድረስ አምጥተው አስቀመጡት።

"ታኣ" አሉ።

ለኦቦ ገመቹና ለጎረቤቱም ወንበር ወጣ፤ ተቀመጥን።  ከቤት ውስጥ እልልታ ተነሳ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ አላፍርም፣ አለቀስኩ። ኦቦ ገመቹ ከጎኔ በኦሮምኛ እግዚአብሔርን ያመሰግናሉ።

ስልኬ ጮኸ። ዮናስ ነው፤ ከሻይ ቤቱ እልልታውን ሊሰማ አይችልም፣ ሩቅ ነው።

"ጋሼ፣" አለኝ፣ "አውሮፕላኗ አለፈች። ምን አሉ? አሁንም ቆማችኋል?"

"ተቀምጠናል" አልኩት።